ስለ ዐረቄ ማውጫና ስለ ስሙ አመጣጥ

በወላይታ ላሉ የገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደ ተባለ፤ አንድን ነገር ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ ከመነሣት በፊት ምንነቱንና የስሙን አመጣጥ መርምሮ ማወቅ ይገባል። ዛሬ የሚነገረው ስለ ዐረቄ ማውጫ ነው። ይህ ነገር ለወላይታ ሰው እንግዳ አይደለም። በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካና በሁምቦ ገበያ የሚውል ሰው ዐረቄን ያያል፤ የሚሸጥበትንም ቤት ያውቃል። ነገር ግን ዐረቄ እንዴት እንደሚወጣ፤ ስሙም ከየት እንደ መጣ፤ ጥቅሙና ጉዳቱም በየት በኩል እንደሚለያይ አስተካክሎ የሚናገር ጥቂት ነው።

ከተማሪዎች አንዱ ተነሥቶ «መምህር ሆይ፤ ዐረቄ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፤ «ክፉ ነገር ነው፤ ዝም በል» ማለት መልስ አይሆንም። ያ ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ እናቱን ከዐረቄ ጋን ሥር እሳት ስታነድ ያገኛት ይሆናል። የያዘው ደብተርና የለበሰው ልብስም በዚያው በዐረቄ ዋጋ የተገዛ ይሆናል። በጎረቤቱ ደግሞ የሌላው ልጅ አባት የቀን ምንዳውን በዚያው ቤት ጠጥቶ ጨርሶ ባዶ እጁን ይገባ ይሆናል። አንዱ ጋን አንዱን ቤት ሲያቆም ሌላውን ያፈርሳልና፤ ነገሩ በጥንቃቄና በዕውቀት መነገር ያስፈልገዋል።

ዐረቄ ማውጣት ምን እንደ ሆነ

የአማርኛ ቋንቋ ስለ መጠጥ ሲናገር እያንዳንዱን በየግሡ ይለያል። ጠላ ይጠመቃል፤ ጠጅ ይጣላል፤ ዐረቄ ግን ይወጣል ይባላል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት አልተለየም። ጠላና ጠጅ፤ የደቡብም ሰው ከጥንት የሚያውቀው ቦርዴ፤ ሁሉም በእርሾ ሥራ የሚፈሉ መጠጦች ናቸው። እርሾ ማለት በዐይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይህንንም ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዘመን በምርመራ አስረድቷል። እርሾው ከማር ወይም ከብቅል የሚገኘውን ስኳር ይበላል፤ ስኳሩንም ወደ አልኮልና ወደ አየር ይለውጠዋል። በጋኑ አፍ የሚታየው አረፋ ያ አየር ነው።

እርሾ ግን ራሱ በሠራው አልኮል ይሞታል። በመጠጡ ውስጥ ያለው አልኮል ከ100 እጅ 15 እጅ ግድም ሲደርስ አብዛኛው እርሾ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ በመጥመቅና በመጣል ብቻ ከዚህ እጅግ የበረታ መጠጥ ማግኘት አይቻልም። ከዚህ በላይ የበረታ አልኮል የፈለገ ሰው፤ በውሃው ውስጥ ተቀላቅሎ ያለውን አልኮል ለይቶ ማውጣት አለበት። ዐረቄ ይወጣል የተባለውም ስለዚህ ነው።

የመለየቱ ጥበብ እንዲህ ነው። ወጥ የሚሠራ ሰው የድስቱን ክዳን ባነሣ ጊዜ በክዳኑ ውስጥ የውሃ ጠብታ ያያል። ያ ውሃ በእሳት ኀይል እንፋሎት ሆኖ ወጥቶ፤ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውሃ የሆነ ነው። ወጡ ጨውና በርበሬ ቢኖረው፤ ጠብታው ግን ጨውም በርበሬም የለውም። እንፋሎቱ ቀላሉን ይዞ ይወጣል፤ ከባዱን ከሥር ይተወዋል። በዳሞታ ተራራ ላይ የሚያርፈው ደመናም ይኸው ሥራ ነው። ፀሐይ ከባሕርና ከሐይቅ ውሃውን ታነሣለች፤ በላይ ያለው ብርድ ያቀዘቅዘዋል፤ ዝናብም ሆኖ ይወርዳል። የባሕሩ ውሃ ጨዋማ ሲሆን ዝናቡ የማይጨው ስለዚህ ነው።

በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሙቀት ይፈላል፤ አልኮል ግን በ78 ዲግሪ ግድም ይፈላል። እንደ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም በሆነ ስፍራ ሁለቱም ከዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላሉ፤ የአልኮሉ መቅደም ግን አይቀርም። እንግዲህ ሁለቱ ተቀላቅለው በሚሞቁበት ጊዜ በሚወጣው እንፋሎት ውስጥ የአልኮሉ ድርሻ ከድፍድፉ ይልቅ ይበዛል። ያን እንፋሎት ይዞ የሚያቀዘቅዝ ሰው ዐረቄ አገኘ።

በየቤቱ የሚሠራበት መንገድ ከዚህ አይለይም። በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ ወይም ሌላ እህል ተፈጭቶና ተቆልቶ፤ ከብቅልና ከተወቀጠ ጌሾ ጋራ በጋን ይደፈደፋል፤ ቀን ሲሞላውና ሲብላላ በእሳት ላይ ይጣዳል። አፉ ተከድኖ እንፋሎት እንዳያሾልክ በጭቃ ይመረጋል። ከክዳኑ አጠገብ ሸምበቆ ወይም ሌላ ቱቦ ይወጣል፤ የቱቦውም ጫፍ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይገባል። በውሃው ብርድ እንፋሎቱ ጠብ ጠብ እያለ ዐረቄ ይሆናል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ይለወጣል፤ አለዚያ እንፋሎቱ ሳይመለስ ይጠፋል። ይህ አንድ ጊዜ የወጣው ተራ ዐረቄ ይባላል። እንደ ገና ተጥዶ ሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ዳግም ዐረቄ ይባላል፤ ከተራውም እጅግ የበረታ ነው። በጋኑ ሥር የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል። ካቲካላ የሚለውም ስም የዚሁ የአገር ዐረቄ ስም ነው። በአገራችን በዚህ ሥራ የታወቁ ስፍራዎች አሉ፤ ደብረ ብርሃንና አርሲ ነገሌ ከእነርሱ ውስጥ ናቸው።

ታላቁ ፋብሪካም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በመሣሪያውና በብዛቱ ነው። በጋን ፈንታ ረጅም የብረት ዐምድ አለ። እንፋሎቱ በዐምዱ ውስጥ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየወጣ፤ በየደረጃው እየቀዘቀዘና እየሞቀ ብዙ ጊዜ ስለሚጣራ፤ ከ100 እጅ ከ90 በላይ ንጹሕ አልኮል ይገኛል። በአዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ከስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ሞላሰስ የሚባለውን ጥቁር ዝቃጭ ያብላላል፤ ከእርሱም አልኮል ያወጣል። በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎችም አልኮል ማውጫ ተሠርቷል። በ2000ዎቹ ዓመታት ከዚያ የወጣው አልኮል ከቤንዚን ጋራ ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ ለመኪና ተሽጧል።

ስለዚህ ማንጠሪያ ሁሉ የሰካራም መገልገያ ነው ማለት ስሕተት ነው። በሐኪም ቤት ቁስል የሚጠረግበት አልኮል፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሰው ሁሉ እጁን ያሸበት መድኃኒት፤ በመኪና ባትሪ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ፤ ከባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት፤ ሁሉም የዚሁ ጥበብ ፍሬዎች ናቸው። ድፍድፍ ነዳጅም ወደ ቤንዚንና ወደ ናፍጣ የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። ጥበቡ አንድ ሲሆን፤ ጥቅምና ጉዳት የሚሆነው እንደ ተጠቃሚው ነው።

የስሙ አመጣጥ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዐረቄን ስም የተመለከተ ሰው ነገሩን ከስሙ ሊያውቀው ይችላል። ዐረቄ የሚለው ቃል ከዐረብ ቋንቋ የመጣ ነው። በዐረብኛ «ዐረቅ» ማለት ላብ ማለት ነው፤ በግእዝ ሃፍ የሚባለው ነው። እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ዕቃ ላይ ጠብታ ሆኖ ሲታይ በሠራተኛ ሰው ግንባር ላይ የሚታየውን ላብ ስለሚመስል፤ የሚወጣውን መጠጥ የጋኑ ላብ አሉት። ይህም ስም ከዐረብ አገር በየአቅጣጫው ተበትኖ፤ በቱርክ፣ በግሪክ፣ በሕንድና እስከ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ በልዩ ልዩ አጠራር ይገኛል።

ዐረቦች ይህን ቃል የሚጽፉት በዐይን ፊደል ነው። ስለዚህ በአማርኛም በዐይኑ ዐ «ዐረቄ» ተብሎ ቢጻፍ ሥሩን ይጠብቃል፤ በአልፋው አ የሚጽፉም ብዙዎች ናቸው፤ ንባቡ አይለወጥም። ነገር ግን የቃልን ዝምድና በድምፅ መመሳሰል ብቻ መፍረድ አይገባም። የወላይታው ከተማ የአረካ ስም ዐረቄን ስለ መሰለ፤ አንዱ ከሌላው ወጣ ማለት የተማረ ሰው ሥራ አይደለም።

አልኮል የሚለው ቃል ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። እርሱም ከዐረብኛ «አል ኩሕል» የመጣ ነው። «አል» ማለት በዐረብኛ በስም ፊት የሚቆም ቃል ነው፤ «ኩሕል» ግን በግእዝ ኵሕል፤ በአማርኛ ኩል የሚባለው፤ ሴቶች ዐይናቸውን የሚኳሉበት ነው። የዐይን ኩልና አልኮል እንዴት ተገናኙ ቢሉ፤ ኩል ከድንጋይ ተፈጭቶ እጅግ የላመ ዱቄት ነውና፤ የአውሮጳ ጠቢባን ቃሉን ከዐረብ ተቀብለው ለላመና ለረቀቀ ነገር ሁሉ ስም አደረጉት። በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረው ፓራሴልሰስ የሚባል ሐኪም ከወይን ጠጅ የወጣውን ረቂቅ ነገር «የወይን አልኮል» ብሎ ጠራው። ከዚያ በኋላ ወይን የሚለው ቀርቶ አልኮል ብቻ ስሙ ሆነ። እንዲህ ከሆነ፤ ኩል የምትኳል ሴትና አልኮል የሚሸጥ ነጋዴ ሳያውቁት በአንድ ቃል ይነጋገራሉ።

ፈረንጆች ማውጫውን ቤት ዲስቲለሪ ይሉታል። ይህ ስም ከላቲን የተገኘ ነው። «ስቲላ» ማለት ጠብታ ነው፤ «ዴ» ማለት ወደ ታች ነው። «ዴስቲላሬ» ሲሉ ጠብ ጠብ ብሎ መውረድ ማለታቸው ነው። በግእዝ ነጠበ የሚለው ግሥ ይህን ያሳያል። እንግዲህ ዲስቲለሪ ማለት መንጠባጠቢያ ቤት ማለት ነው። የድሮው ማውጫ ዕቃ ደግሞ በዐረብኛ «አል አንቢቅ» ይባላል፤ ይህም «አምቢክስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም ጽዋ ነው። የግሪኩን ቃል ዐረብ ወሰደው፤ ከዐረብ ደግሞ አውሮጳ ተቀበለው። ጥበብም ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚተላለፈው በዚህ ዐይነት ነው።

ጥበቡ ከየት እንደ ተነሣ

ብዙ ሰዎች ዐረቄ ከጥንት ከመጻሕፍት ዘመን ጀምሮ የነበረ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። በቅዱሳት መጻሕፍት የሚነገረው ስለ ወይንና ስለ ሜስ፤ ስለሚፈላም መጠጥ ነው። እነዚያ ሁሉ በእርሾ የሚፈሉ ናቸው። እነርሱንም አብዝቶ መጠጣት ያን ያህል ከተነቀፈ፤ ከእነርሱ ብዙ እጥፍ ስለሚበረታው ምን ሊባል እንደሚገባ አንባቢ ይፍረድ።

የማንጠር መሣሪያ በግብፅ በእስክንድርያ ዙሪያ በነበሩ ጠቢባን ዘንድ ከጌታ ልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ታውቆ ነበር። በ300 ዓ.ም. ግድም የጻፈው ዞሲሞስ ማርያም የምትባል አይሁዳዊት ስለ ሠራችው መሣሪያ ይናገራል። ከዚያም በኋላ የዐረብ ሊቃውንት ጥበቡን አስፋፉ፤ በ9ኛው መቶ ዘመን የነበረው አል ኪንዲ ሽቱን ስለ ማንጠር ጽፏል። በዚያ ዘመን የሚፈለገው የጽጌረዳ ውሃና መድኃኒት ነበር። በአውሮጳ አልኮልን ከወይን ጠጅ ማውጣት የታወቀው በ12ኛው መቶ ዘመን በኢጣልያ፤ ሳሌርኖ በምትባል የሐኪሞች ከተማ ነው። ሐኪሞቹም መድኃኒት ነው ብለው «አኳ ቪቴ»፤ ማለት የሕይወት ውሃ ብለው ሰየሙት። ዛሬ ውስኪ የሚባለውም ስም በጥንቱ የአየርላንድና የስኮትላንድ ቋንቋ የሕይወት ውሃ ከማለት የመጣ ነው። ሲጀመር በጠብታ በሐኪም እጅ የሚሰጥ ነበር፤ በኋላ ግን በብርጭቆ በመንደር የሚሸጥ ሆነ።

ወደ አገራችንም የመጣበትን አቅጣጫ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ጠላና ጠጅ የአገር ስም አላቸው፤ ዐረቄ ግን የዐረብ ስሙን ይዞ ገባ። ወላይታም የራሱ ነገሥታት የነበሩት አገር ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ከተሸነፈ በኋላ የሰሜኑና የደቡቡ ሰው በገበያ ይበልጥ ተገናኘ። ዕቃ በሚመላለስበት መንገድ ቃልም አብሮ ይመላለሳል።

ስለ መጠኑ የሚሰጥ ትምህርት

ዐረቄ የሚቀዳበት ትንሽ ብርጭቆ መለኪያ ይባላል። ብዙ ሰው ግን በመለኪያው ማነስ ይታለላል። ይህን ለተማሪዎች በሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ጠላ ከ100 እጅ 4 እጅ አልኮል አለው እንበል፤ ሰውየውም 300 ሚሊ ሊትር ጠላ ጠጣ። 300 በ4 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 12 ነው። ስለዚህ 12 ሚሊ ሊትር አልኮል ጠጥቷል። ሌላው ሰው ከ100 እጅ 40 እጅ አልኮል ካለው ዐረቄ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ጠጣ። 30 በ40 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል ያው 12 ነው። እንግዲህ በሁለት ጉንጭ የሚያልቀው መለኪያ ትልቁን የጠላ ብርጭቆ አከለ ማለት ነው። አምስት መለኪያ የጠጣ ሰው አምስት ትልልቅ ብርጭቆ ጠላ እንደ ጠጣ ነው። ሆዱ ግን ስላልሞላ ብዙ የጠጣ አይመስለውም። የዐረቄ ተንኰሉ ይህ ነው።

ከስካሩም በላይ ሊታወቅ የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ሜታኖል የሚባል የአልኮል ወንድም አለ፤ መልኩም ሽታውም አልኮልን ይመስላል፤ ጥቂቱ ግን ዐይን ያሳውራል፤ ይገድላልም። ከእህል በሚወጣ ዐረቄ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ አደጋ የሚመጣው ለፋብሪካ ሥራ ወይም ለቀለም ማቅጠኛ የሚሸጠውን መርዝ ለትርፍ ብለው ከመጠጥ ጋራ ሲቀላቅሉት ነው። አንዳንድ ሰው ዐረቄውን በእሳት ለኩሶ ሰማያዊ ነበልባል ካየ «ንጹሕ ነው» ይላል፤ ይህ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሜታኖልም ይነዳልና። ጠጥቶ ካደረ በኋላ ዐይኑ የፈዘዘበት፤ ራሱን ክፉኛ ያመመው፤ የሚያስመልሰውና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ቢኖር «ስካሩ ይለቀዋል» ብሎ ማስተኛት አይገባም። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያም በሶዶ ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ፈጥኖ የደረሰ ሰው መድኃኒት ያገኛል። እንዲሁም የመኪና ራዲያተርና በእርሳስ የተበየደ ዕቃ ለዐረቄ ማውጫ አይሁን፤ እርሳሱ ወደ ዐረቄው ገብቶ ጠጪውን በቀስታ ይመርዘዋልና።

ዐረቄ የምታወጣው ሴትና የመንደሩ ነገር

በወላይታ መሬት ጠባብ ነው፤ ሰው ብዙ ነው። አንድ ቤተ ሰብ በጓሮው እንሰትና ቦይና፣ በቆሎና ስኳር ድንች ተክሎ ይኖራል። ባል የሞተባት ወይም መሬቷ ያነሰባት ሴት በእጇ ያለው ጥበብ ዐረቄ ማውጣት ቢሆን፤ በእርሱ ልጆቿን ታሳድጋለች። ሥራውም ቀላል አይደለም፤ ጢሱ ዐይንና ሳንባ ይጎዳል፤ እንጨቱ ውድ ነው፤ እንፋሎቱ በእሳት ቢያያዝ ቤት ያቃጥላል። ይህችን ሴት በገበያ መስደብ፤ ልጇንም በክፍል ውስጥ «የዐረቄ ሻጭ ልጅ» ማሰኘት ግፍ ነው። የተሰደበ ልጅ ትምህርት ቤቱን ይሸሻል፤ ትምህርት ቤቱን የሸሸ ልጅ ደግሞ ወደዚያው ጋን ይመለሳል።

በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን መደበቅ አይገባም። ለምግብ የሚሆን እህል ወደ ጋን ይገባል፤ ዛፍ ለማገዶ ይቆረጣል፤ የቀን ሠራተኛ ምንዳውን ይጨርሳል፤ ጠብና ድብደባም ይከተላል። ከዚህም የተነሣ በወላይታ ከ1920 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፉት ወንጌላውያን ምእመናን ከአስካሪ መጠጥ መራቅን ሥርዐታቸው አድርገዋል፤ እስላሞችም በሃይማኖታቸው አይጠጡም፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ስካርን ትገሥጻለች። ሁሉም በየሃይማኖቱ በዚህ ነገር የሚስማማበት ሐሳብ አለ፤ ሽማግሌዎች በአንድ ሸንጎ ሊመክሩበት ይችላሉ።

በዱሮ ዘመን በእንግሊዝ አገር የሆነው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሎንዶን ከተማ ጂን የሚባለው ዐረቄ እጅግ ረክሶ ድኻው ሁሉ በእርሱ ተጎዳ። መንግሥት በ1736፤ በአውሮጳ አቈጣጠር፤ ለሻጮች የማይቻል ከባድ የፈቃድ ክፍያ ደነገገ። ሰዎቹ ግን በስውር መሸጥ ጀመሩ፤ ሕጉም አልሠራ ብሎ በ1743 ተሻረ። በ1751 የወጣው ሕግ ግን ማን ለማን እንደሚሸጥ በመጠን አስተካከለ፤ ከዚያም በኋላ መጠጡ እየቀነሰ ሄደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፤ በአንድ ቀን ጋን በመስበር ዐረቄ አይጠፋም፤ ጋኑ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ። በሥርዐትና በትዕግሥት ሲያዝ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል።

መምህራንና ሽማግሌዎች ሊያደርጉት የሚቻል

1ኛ. ሕጉን ማሳወቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ተማሪ ልኮ ዐረቄ ማስገዛትም እንደማይገባ ለወላጆች መንገር ያስፈልጋል።

2ኛ. በእድር መመካከር። በለቅሶና በድግስ ዐረቄ እንዳይቀርብ እድሩ ቢስማማ፤ ለድኻው ወጪ ይቀልለታል፤ ጠብም ይቀራል። በጊፋታ በዓል ወጣቶች በሚሰበሰቡበት ጊዜም ሽማግሌዎች በመካከላቸው ቢገኙ መልካም ነው።

3ኛ. ዐረቄ የምታወጣውን ሴት ወደ ሌላ ሥራ የምትሸጋገርበትን መንገድ መፈለግ። እቁብ ገብታ መነሻ ገንዘብ ብታገኝ፤ ዶሮ ማርባት፣ ቅቤና ቡና መነገድ፣ እንጀራ መሸጥ ትችላለች። መነሻ ሳይሰጧት ተዪ ማለት ግን ተራቢ ማለት ነው።

4ኛ. ሥራውን ገና ያልተወችውን ደግሞ ማስተማር። እሳቱ ከሕፃናት ይራቅ፤ ቤቱ የጢስ መውጫ ይኑረው፤ ዕቃው ከእርሳስ የጠራ ይሁን፤ ከሱቅ የተገዛ ምንነቱ የማይታወቅ አልኮል ከቶ አይቀላቀል።

5ኛ. ጥበቡን በትምህርት ቤት በንጹሕ ውሃ ማሳየት። መምህሩ በጀበና ጨው የተጨመረበትን ውሃ አፍልቶ፤ የጀበናውን አፍ በእንጨት ወይም በቡሽ ከድኖ፤ ከጡቱ በሚወጣው እንፋሎት ፊት ቀዝቃዛ የብረት ሳሕን ይያዝ። ጀበናው ጡት ከሌለው፤ ሳሕኑ ከአፉ በላይ ይያዝ እንጂ አፉ አይደፈን፤ የታፈነ እንፋሎት ዕቃውን ይሰብራልና። በሳሕኑ ላይ የሚጠራቀመውን ጠብታ ተማሪዎች ሲቀምሱት ጨው እንደሌለው ያውቃሉ። እንፋሎቱ እጅ እንዳያቃጥል ሳሕኑን በጨርቅ ይያዝ። በአልኮል ግን ይህን በትምህርት ቤት መሞከር ክልክል ነው፤ በእሳት ይያያዛልና።

በዚህ ፈተና ልጆቹ ዝናብ እንዴት እንደሚወርድ፤ መድኃኒት እንዴት እንደሚነጠር፤ ዐረቄም እንዴት እንደሚወጣ በአንድ ጊዜ ይማራሉ። የእናቱን ጋን ያየው ልጅም በዚያ ጋን ውስጥ ያለው ጥበብ ለሐኪም ቤትና ለፋብሪካ የሚያገለግል ታላቅ ጥበብ መሆኑን ያውቃል። ዛሬ በሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከተማይቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ከእነዚህ ልጆች መካከል ነገ መድኃኒት የሚያነጥር፤ ከባሕር ዛፍና ከሌላም ተክል ዘይት የሚያወጣ ሊነሣ ይችላል።

እግዚአብሔር የወላይታን ምድር ልጆች በዕውቀትና በጤና ያሳድግ፤ ለመምህራኑም ብርታትን፤ ለሽማግሌዎቹም የሚሰማ ምክርን ይስጥ።